ጋራንቲው እንዳይቃጠል

ስለ ኮምፒውተር ሞኒተር ምክር የሚፈልግ ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ። የትኛው ማርካ ቀለም እንደማይዋሽ፣ የትኛው በዓመቱ ጥጉ እንደሚጠቁር፣ የትኛው ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳ ሰው እንዳለው፣ የትኛው ደግሞ «ነገ ይደውሉ» እያለ እንደሚያመላልስ በአንድ አርብ ቀን ጨርሼ ተምሬዋለሁ። ትምህርት ቤቴ ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ፒያሳ ያለው ዳገት ነበር። ያን ሁሉ የተማርኩት ግን አዲስ ሞኒተር አምሮኝ አይደለም። ዓይንሽ ጠፋ ከምባል ሞኒተርሽ ተበላሸ ብባል ስለሚሻለኝ ነው።

ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ፎቶ ማደስ ነው። ሰዎች የተቀደደ፣ የወየበ፣ ሻይ የፈሰሰበት ፎቶ ያመጡልኛል፤ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ ፊቱን እመልስላቸዋለሁ። የተሰነጠቀ ግንባር እገጥማለሁ፣ የጠፋውን ጆሮ ከሌላኛው ጆሮ ገልብጬ እተካለሁ፣ ለገረጣ ጉንጭ ደም እሰጠዋለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ስለሠራሁት የአዲስ አበባን ሙታን ግማሹን በመልክ ሳላውቃቸው አልቀርም። ሕያዋኑን ብዙም አላውቅም፤ የምውለው ጓዳ ውስጥ ነው።

ስቱዲዮው የጋሽ አስፋው ነው። ጋሽ አስፋው ሰባን ያለፉ፣ ፒያሳ ተወልደው ፒያሳ ያረጁ ሰው ናቸው። የድሮው የስቱዲዮ ቤታችን የፈረሰ ጊዜ ዕቃችንን ጭነን፣ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ተከራየን። ሊፍቱ ከገባንበት ቀን ጀምሮ «በጥገና ላይ» ነው። ጋሽ አስፋው ከዚያ ወዲህ የቆየች አንዲት አመላቸው ጸናችባቸው፤ ዕቃ ራቁቱን አያስቀምጡም። የእንግዳው ሶፋ ላስቲክ ለብሷል፤ ሪሞቱ ላስቲክ ለብሷል፤ የግድግዳው ሰዓት ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ላስቲክ እንደለበሰ ነው፤ የእኔም ሞኒተር እንደዚያው። ከሦስት ዓመት በፊት ሲገዙት ሻጩ «ላስቲኩ ከተነሳ ጋራንቲው ይቃጠላል» ብሏቸዋል። ካርቶኑም ከነፎሙ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አለ። «ነገ ተነሱ ብንባል በምን ልንጭነው ነው?» ይላሉ። እኔም ልስቅባቸው አልችልም፤ ቤቴ ያለው ፍሪጅ በሩ ላይ ያለው ሰማያዊ ላስቲክ ከተገዛ ጀምሮ አልተነካም።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬ ለተብርሃን ጥቅል ፎቶ በክንዳቸው ይዘው፣ ሦስቱን ፎቅ ወጥተው፣ ሳያርፉ ገቡ። እትዬ ለተብርሃን አፍንጮ በር የሚኖሩ የጋሽ አስፋው የድሮ ደንበኛ ናቸው። የባላቸው ሙት ዓመት በዚያ እሁድ ስለሆነ ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ አዘውን ነበር። ጥጉ የተበላ አሮጌ ባለቀለም ፎቶ ሰጥተውኝ ሁለት ቀን ደክሜበታለሁ። ማተሚያ ስለሌለን ትልልቁን ፎቶ ለሌላ ማተሚያ ቤት እንልካለን፤ ከዚያ ታሽጎ በቀጥታ ለደንበኛው ይሄዳል። ስለዚህ እኔ የታተመውን አላየሁትም።

ጓዳ ሆኜ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ማነው ይሄ?»

«ባለቤትዎ ናቸው እንጂ እትዬ ለተ» አሉ ጋሽ አስፋው።

«ኣይኮነን!» አሉ በትግርኛቸው፤ ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «አይደለም። የኔ ሰውዬ ጠይም ነበር፤ ፊቱ ይሞቃል። ይሄ ሬሳ ነው። እኔ አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ እናንተ ደግማችሁ ገነዛችሁብኝ።»

ወጣሁ። ፎቶው ባንኮኒው ላይ ተዘርግቷል፣ አራቱ ጥግ ላይ ዕቃ ተቀምጦበት። ሰውየው አመድ መስለዋል፤ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ዓይናቸው ሥር ሁለት ቀን ሙሉ ያለሰለስኩት ቦታ እንደተመታ ሰው ጠቁሯል። እኔ እኮ ይህን ጉንጭ ያሞቅኩት መስሎኝ ነበር።

በዚያ ወር ሦስተኛው ነበር። በመጀመሪያው የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ሲመለስብን በማተሚያ ቤቱ ቀለም አሳበብን። በሁለተኛው በወረቀቱ አሳበብን። ማተሚያ ቤቱም «እኛ የላካችሁልንን ነው የምናትመው» ብሎ ስልኩን ዘግቷል። አሁን ማሳበቢያ አለቀ።

«ለቅዳሜ አደርስልዎታለሁ እናቴ» አልኳቸው።

«እሁድ ዘመድ ሁሉ ይመጣል» አሉ። «እሱን ሳልሰቅል ሰው አልቀበልም። በሬን ዘግቼ ነው የምውለው።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ጋሽ አስፋው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ላስቲኩ ተንጫጫ።

«የሺ» አሉኝ፣ «ዓይንሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ።»

«አባትሽም ደህና ነው ይል ነበር።»

ይህን ከመስማት ጥፊ ይሻለኝ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የድሮው የጋሽ አስፋው ስቱዲዮ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ዓይኑ ጠፋ። በአንድ ቀን ቢጠፋ ኖሮ እናውቅ ነበር። በቀስታ ነው የጠፋው። መጀመሪያ መርፌ ክር እንዳስገባለት ይጠራኝ ጀመር፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ክብር መስሎኝ እሮጥ ነበር። ከዚያ አምፖሉን ማማት ጀመረ። «ይሄ አምፖል ደክሟል» ይላል፣ ይቀይረዋል። በሳምንቱ ደግሞ «ይሄኛውም የረባ አይደለም» ይላል። የየሱቁን አምፖል፣ የየአገሩን አምፖል ሞከረ፤ የትኛው እንደሚበረታ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚቃጠል ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪም ቤት የሄደው አንደኛው ዓይኑ ጨርሶ ከጨለመ በኋላ ነው። የዓይን ግፊት ነው አሉት፤ ዘግይተሃል አሉት።

«ሞኒተሩ ነው ጋሼ» አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት፤ ድምፄ የአባቴን ድምፅ መሰለኝ።

«ሞኒተሩ ከሆነ ሌላ እንገዛለን። ዓይንሽ ከሆነ ግን እንዳትደብቂኝ። ስሜን ይዤ ልሙት። ሰው እፈልጋለሁ፤ አንቺም ትታከሚያለሽ። እስከ ቅዳሜ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ሊፈለግ። አልተቆጣሁም፤ መቆጣትም አቅም ይጠይቃል። ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ያለቅስ ነበር፣ ቅንድቤ ሥር ይወጋኝ ነበር፣ ሁሉ ነገር ጉም የለበሰ ይመስለኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ እንኳ «ጉንፋን ነው» ብዬዋለሁ።

አርብ ማለዳ ለባለቤቴ «ታክሲ ሰልፍ ይበዛል» ብዬ ከቤት ወጣሁና ዓይን ክሊኒክ ሄጄ ካርድ አወጣሁ። «ለሰኞ ነው» አለችኝ ልጅቷ። በልቤ ተመስገን አልኩ። እስከ ሰኞ ዓይኔ የኔ ነው፤ እስከ ሰኞ ሞኒተሩን ማማት እችላለሁ። የእትዬ ለተብርሃንን ባል በፍላሽ ይዤ ዳገቱን ተያያዝኩት።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ነበር። ከረባት ያደረገ ሻጭ የኮሪያውን ሞኒተር አሳየኝ። ቀለሙ ያምራል፤ ከጎን ሆኜ ሳየውም አይለወጥም። ፍላሹን ሰካሁ። ሰውየው አመድ መስለው ብቅ አሉ።

«ቢበላሽስ ማን ያይልኛል?» አልኩት።

«አይበላሽም።»

«ቢበላሽ?»

«ኦርጅናል እኮ ነው!» አለኝ የተሰደበ ሰው ሆኖ።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ የአሜሪካ ስም ያለው ሞኒተር ነበር። ሦስት ዓመት ዋስትና አለው አሉኝ። ዋስትናውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ሁለቱ ሻጮች ተያዩ። እዚያም ሰውየው ሰማያዊ ናቸው። ሦስተኛው ሱቅ የቻይናውን «ከኮሪያው በምንም አይተናነስም» ብሎ አቀረበልኝ፤ አራተኛው ደግሞ የቻይናውን እንዳልገዛ በማርያም ስም ለመነኝ። በየሱቁ የሞቱ ሰውዬ ይዤ የምዞር እብድ መስያቸው ሳይሆን አይቀርም። አንድ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና ከካርቶናችን ጎን በእስክሪብቶ የገለበጥኩትን የአስመጪውን ስልክ ደወልኩ። ሙዚቃ ሰማሁ። ብዙ ሙዚቃ ሰማሁ።

«ምን ልታዘዝ?» አለች አንዲት ሴት፣ ድምፅዋ ከኔ ይብስ የደከመ።

«ሞኒተራችን ሰው ሰማያዊ ያደርጋል።»

«ሰማያዊ ሆኖ ያሳያል?»

«አይ፣ እሱ ላይ ጥሩ ነው። ወረቀት ላይ ሲወጣ ነው ሰማያዊ የሚሆነው።»

«እንግዲያው ማተሚያው ነው።»

«ማተሚያ ቤቱ ደግሞ እናንተ ናችሁ ይላል።»

«ጋራንቲው አላለቀም?»

«ሁለት ዓመት አልፎታል።»

«እመቤት፣ ታዲያ ከነካርቶኑ ያምጡት። ተራ ይዘው ሁለት ሳምንት ይፈጃል።»

እሁድ ከነገ ወዲያ ነው። አመስግኜ ዘጋሁ። አትፍረዱባት፤ የማታየውን ሞኒተር በስልክ ማን ያክማል?

አምስተኛው ሱቅ ሱቅ ለመባልም ይከብደዋል። ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ያገለገሉ ሞኒተሮች እስከ ጣሪያ የተደረደሩበት ክፍል ነው። ባለቤቱ የኔ እኩያ የሚሆን፣ መነጽሩን ፀጉሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነበር። ኪሩቤል ይባላል።

«እህቴ፣ ማርካ ነው የምትፈልጊው ወይስ ሞኒተር?» አለኝ ገና ከበሩ።

«ልዩነት አለው?»

«ማርካ ከፈለግሽ ላይኛው ፎቅ መስታወት ያለው ሱቅ አለልሽ። ሞኒተር ከፈለግሽ ቁጭ በይ። ይሄ የኮሪያው ቀለሙ ማር ነው፤ ሲታመም ግን ሐኪሙ ዱባይ ነው። ይሄ የአሜሪካው የቢሮ ሰው ነው፤ ይሠራል፣ አይታመምም፣ ስለ ቀለም ግን አታናግሪው። ይሄ የቻይናው ቶሎ ያኮርፋል፤ መለዋወጫው ግን ጎረቤት ይገኛል።»

«ጋራንቲስ?»

«ጋራንቲው እኔ ነኝ። ነገ መጥተሽ እዚህ ካገኘሽኝ ጋራንቲ አለሽ። ሕንፃውም እኔም ከሌለን ያው፣ ሁላችንም ተቃጥለናል።»

በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ፍላሹን ሰጠሁት። የእትዬ ለተብርሃን ባል ስክሪኑን ሞልተው ሲወጡ ኪሩቤል መነጽሩን ከፀጉሩ አወረደ።

«ሰውየው ምን ሆነው ነው? በርዷቸዋል።»

«ሰማያዊ ሆነው ይታዩሃል?»

«ለአንቺ አይታዩሽም?»

«ይታዩኛል። እዚህ ይታየኛል። ሥራ ቦታ ስሠራቸው ግን አልታየኝም» አልኩት፤ ከዚያ ያልጠየቀኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ እሁዱ ሙት ዓመት፣ ስለ ቅዳሜው ቁርጥ፣ ስለ አባቴ። ለባሌ ያልነገርኩትን ለሞኒተር ነጋዴ ነገርኩት። «ደከመኝ» አልኩት በመጨረሻ። «ዓይኔ ነው መሰለኝ።»

ኪሩቤል ፍላሹን ነቅሎ መለሰልኝ። «እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ። «ግን እዚህ ሰማያዊ ካየሽ፣ እዚያ ያጣሽው ምን መሐል ገብቶ ነው? አሁን አዲስ ልሸጥልሽ እችላለሁ። በበነጋው ሰውየው ያው ሰማያዊ ሆነው ቢመጡ ግን ፒያሳ ላይ ስሜን ታጠፊዋለሽ። ነይ፣ አሮጌውን አሳዪኝ።»

ሱቁን ቆልፎ ተከተለኝ። ያን ሁሉ መንገድ ወርዶ፣ ሦስቱን ፎቅ ሊፍቱን እየረገመ ወጣ። ጋሽ አስፋው ሰላም ብለውት ሳይጨርሱ ጓዳ ገባ፤ ሞኒተሬን ከፈተ፤ የሰውየውን ፎቶ አወጣ። እዚህ ሰውየው ጠይም ናቸው። ሞቅ ያሉ፣ ሊናገሩ የደረሱ። ኪሩቤል ስክሪኑን እያየ አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ ከዚያ በጥፍሩ ጥጉን ጫር አደረገው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ላስቲኩ ነዋ» አልን እኔና ጋሽ አስፋው እኩል።

«በምንድነው የምትወለውሉት?»

«በአልኮል» አልኩ። «አቧራው አያስቀምጥም፤ በየቀኑ ነው።»

«በየቀኑ። ሦስት ዓመት።» ወደ መስኮቱ ዞረ፤ የከሰዓት ፀሐይ ቀጥታ ስክሪኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ጣቱን ጥጉ ላይ እንዳደረገ ጋሽ አስፋውን አያቸው። «አባባ፣ ይፈቅዱልኛል?»

«ኧረ ጋራንቲው!» አሉ ጋሽ አስፋው እጃቸውን ዘርግተው።

«አባባ፣ ጋራንቲው እኮ እሱም ሁለት ሙት ዓመት አውጥቷል።»

ሳበው። ላስቲኩ እያቃሰተ ተነሳ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ኪሩቤል ቆመና «እዪ» አለኝ። የሰውየው ፊት ለሁለት ተከፍሏል። ላስቲኩ ባለበት በኩል ጠይምና ሙቅ፣ በተላጠው በኩል አመድና ሰማያዊ። ግማሹ ሕያው፣ ግማሹ ሬሳ። ላስቲኩ ቀስ በቀስ ወይቦ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ቢጫ ሆኗል፤ ቢጫውን ላጠፋ ሰማያዊ ስጨምር፣ ስጨምር፣ ወሩን ሙሉ ሰው ሳቀዘቅዝ ኖሬያለሁ። ጉሙም ጉም አልነበረም፤ የአልኮሉ ጭረት ነበር።

ላስቲክ እንዳለው አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። አውቅ ነበር። በየቀኑ የምወለውለው እሱን ነው። ግን የሶፋውን ላስቲክ ሶፋ፣ የሪሞቱን ላስቲክ ሪሞት ብዬ እንደለመድኩ፣ የስክሪኑንም ላስቲክ ስክሪን ብዬ ለምጄዋለሁ።

ጋሽ አስፋው ተቀመጡ፤ የሶፋው ላስቲክ ተንጫጫ፤ ያኔ ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን። እኔ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ኪሩቤል ለድካሙ ከማኪያቶ በቀር ምንም አልቀበልም አለ። «ሞኒተራችሁ ደህና ማርካ ነው» ብሎን ወረደ። ሊያገኝ ይችል የነበረውን ገበያ ራሱ በጥፍሩ ልጦ ጣለው።

ፎቶውን እንደገና ከመጀመሪያው ሠራሁት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታትሞ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ራሴ በመስኮት ብርሃን አየሁት። እትዬ ለተብርሃን ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «እንቋዕ ብደሓን መጻእኻ» አሉት ለባላቸው። እንኳን ደህና መጣህ ማለታቸው ነው። ጠቅልለው፣ ደረታቸው ላይ አቅፈው ወረዱ።

ጋሽ አስፋውም ደስታ አላስቀምጣቸው አለ። ካርድ ማውጣቴን በሳቃችን መሃል ነግሬያቸው ነበር። «በይ ያንን የክሊኒክ ካርድ ጣይው» አሉኝ። «ሰው ሳይታመም ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ሄዶ በሽታ ይሸምታል እንጂ።»

እኔም ልጥለው ነበር። እውነቴን ነው። ወጣሁና ፒያሳ ኬክ ቤት ገብቼ ለቤት ኬክ አስጠቀለልኩ። ሳጥኑን በሁለት እጄ ይዤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ትከሻዬ ቀሎኛል። ለባለቤቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው፣ የቱ ጋ እንደሚስቅ ሳስብ፣ ከረሜላ ትዝ አለኝ።

ከረሜላው አባቴ የገዛልን ነው። አንድ ቀን አባቴ እንደ ልማዱ አምፖል ቀየረ፤ ያን ቀን ግን አሮጌው አምፖል እውነትም ደክሞ ኖሯል። አዲሱ ሲበራ ክፍሏ ብርሃን ጠገበች። ሁላችንም አየነው፤ እናቴም አየችው። አባቴ ሳቀ፣ መርፌውን አንስቶ እየታገለ ራሱ ክር አስገባ። «አላልኳችሁም? ዓይኔ ምንም አልሆነ!» ብሎ ወጣና በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ይዞልን መጣ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምና አሳምናው፣ በማግስቱ ሐኪም ቤት ሊሄዱ ነበር። ቀረ። «አምፖሉ ነው» ተባለ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

አባቴን የጎዱት የማይረቡት ምክንያቶች አልነበሩም። በእነሱማ እናቴ ትስቅ ነበር። የጎዳችው ያቺ አንድ እውነተኛ ምክንያት ናት። እኔም የኬክ ሳጥን ይዤ በእውነተኛ ምክንያቴ እየሳቅሁ ቆሜያለሁ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላዬ ያለችው ሴት «እህት፣ ቀጥይ እንጂ» አለችኝ።

ሰኞ ሄድኩ። ለጋሽ አስፋው አልነገርኳቸውም። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ዓይኔ ውስጥ ጠብታ አደረገች፣ አገጬን መሣሪያ ላይ አስደግፋ አየችኝ፣ ደግማ አየችኝ።

«ምን ምልክት አይተው መጡ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። «የኮምፒውተሬ ላስቲክ ወይቦ ነው።»

ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ወንበሯን አስጠጋች። «የዓይንዎ ግፊት ከፍ ያለ ነው። ግራው በተለይ። ነርቩ መነካት ጀምሯል፣ ግን ገና ነው። ይሄ በሽታ ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም፤ አብዛኛው ሰው የሚመጣው ዕይታው ከጠበበ በኋላ ነው። የጠፋ አይመለስም። እርስዎ ጋ ግን ያለውን ማቆየት እንችላለን።»

«ያ ሁሉ ጉም፣ እንባው?»

«እሱ ከዚህ ጋር ላይያያዝ ይችላል። ያሉት ላስቲክ ይሆናል።»

ኮሪደሩ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፤ ደክሞኝ ነበር፣ ከሐሙስ ጀምሮ የሄድኩበት ዳገት ሁሉ አንድ ላይ ጉልበቴ ላይ መጣ። አባቴን አሰብኩት። ብቻውን ባንድ አምፖል ሥር፣ እኔን «የሺ፣ ክር» እያለ ሲጠራ።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሞኒተር ልትገዙ ከሆነ ምክሬ ይኸው፦ ማርካውን ሳይሆን፣ ሲቸግራችሁ ሦስት ፎቅ የሚወጣላችሁን ሰው ፈልጉ። ላስቲኩንም በገዛችሁበት ቀን ላጡት፤ የምንቆጥበው ዕቃ እኛን እያባከነን ነው። ይህን ምክር ለመስጠት ግን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የምፈራላችሁ ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር ሲያስፈራችሁ ከርሞ «ለካስ እንዲህ ነበር» የምትሉበት፣ ሁሉም የሚስቅበት እውነተኛ ምክንያት ስታገኙ፣ እዚያ ላይ አትቁሙ። ሳቁ፣ ኬኩንም ብሉ፤ ቀጠሯችሁን ግን አትሰርዙ።

አሁን ዓይኔን በየስድስት ወሩ እታያለሁ። በዘር ስለሚሄድ ወንድሞቼም ታይተዋል። ጠብታዬን ጠዋትና ማታ አደርጋለሁ፤ ይቆጠቁጣል፣ ይሰለቻል፣ ዕድሜ ልክ ነው ብለውኛል። አንዳንድ ቀን ስልችት ይለኛል፣ ግን አደርገዋለሁ። ጋሽ አስፋው ነገሩን በሰሙ ማግስት ስገባ የግድግዳው ሰዓት ላስቲኩ ተነስቶለታል። ሶፋው እንደለበሰ ነው። ሁሉ በአንዴ አይሆንም።

የመጀመሪያውን ጠብታ የገዛሁት በዚያው ሰኞ፣ ከክሊኒኩ ማዶ ካለ ፋርማሲ ነው። ልጅቷ ማሸጊያውን በጣቷ እያሳየች «እመቤት፣ ይሄ ከተከፈተ አንመልስም፤ ቤት ሄደው በደንብ አስበው ይክፈቱት» አለችኝ።

«ገባኝ» አልኳት፤ እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፈትኩት።